ትኩስ እያለ ጠይቁት

አሮጌው ሞተር ሳይክል ጠዋት አንዴ ሲረገጥ ይነሳል። ቾኩ ይሳባል፣ ይረገጣል፣ ይነሳል። መንገድ ላይም እንከን የለውም። ቀትር ላይ ግን ለአንድ ጉዳይ አጥፍታችሁት ስትመለሱ እምቢ ይላል። ትረግጣላችሁ። ላብ በላብ ትሆናላችሁ። ቾክ ትስባላችሁ፣ ነዳጅ ትሰጣላችሁ፤ ወይ ፍንክች! ተስፋ ቆርጣችሁ ጥላ ሥር ትቀመጣላችሁ። ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይነሳል።

ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያቀላቅል ዕቃ) ያለው አሮጌ ሞተር ሳይክል የነዳ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል። እኔም እንዲህ ያሉ ሞተር ሳይክሎችን ለዓመታት ነድቻለሁ፤ ዛሬም ከእነሱ ሌላ አያምረኝም። የሚያናድደኝ ችግሩ አይደለም፤ ለችግሩ የሚሰጠው መልስ ነው። አንዱ "አርጅቷል፣ ሽጠው" ይላል። ሌላው "ብልጭታ የሚያመነጨውን ኮይል ቀይርለት" ይላል። ሦስተኛው ካርቡሬተሩን ሙሉ በሙሉ ያስጥላል። ዕቃ ተገዝቶ ይገጠማል። እስኪገጠም ሞተሩ በርዷልና ይነሳል፤ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። በሚቀጥለው ሞቃት ቀን ያው በሽታ ይመለሳል።

ይህ ብልሽት የሚኖረው ሙቀቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲበርድ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ማታ ቤት ገብቶ፣ ዕቃ ፈትቶ፣ ሁሉን ነገር ለክቶ "ደህና ነው" ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መጠየቅ ያለበት እዚያው፣ እምቢ ባለበት ሰዓት ነው። ጥያቄውም "የትኛው ዕቃ ተበላሸ?" አይደለም። "አሁን፣ በዚህች ደቂቃ የጎደለው ምንድን ነው?" ነው። ቤንዚኑ በልክ ነው ወይ? ብልጭታ አለ ወይ? እመቃ፣ ማለትም ድብልቁን አጥብቆ መጭመቅ፣ አለ ወይ? ሦስቱ በትክክለኛው ሰዓት ከተገናኙ የማይነሳ ሞተር የለም።

በሙቀት ጊዜ በብዛት የሚያስቸግረው ቤንዚኑ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ሞተር ሳይክሉ ሲሄድ ካርቡሬተሩን ሁለት ነገር ያበርደዋል። አንዱ የመንገዱ ነፋስ ነው። ሌላው በውስጡ የሚተነው ቤንዚን ነው፤ ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራ ላይ ያለ ካርቡሬተር ሲነካ ብዙ ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱም ባንዴ ይቆማሉ። የሲሊንደሩና የቴስታታው (የሲሊንደሩ የላይኛው ክዳን) ሙቀት ግን እዚያው ነው። ከምድጃ የወረደ ድስት እየተንተከተከ እንደሚቆይ፣ የጠፋው ሞተርም ሙቀቱን ዙሪያው ላሉ ዕቃዎች ማከፋፈሉን ይቀጥላል። ካርቡሬተሩ ደግሞ የቅርብ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ካርቡሬተሩ በጣም የሚሞቀው ስትነዱ ሳይሆን ካቆማችሁ ከደቂቃዎች በኋላ ነው።

ቤንዚን እንደ ውሃ አንድ የመፍያ ነጥብ የለውም። የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ቀላሎቹ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መፍላት ይጀምራሉ፤ ከባዶቹ እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ ይዘልቃሉ። ቀኑ ራሱ 35 ዲግሪ ከሆነ ቀላሎቹ ገና ታንክ ውስጥ እያሉ ለመሄድ አኮብኩበዋል ማለት ነው። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ነገሩን ያባብሰዋል። ኤታኖል ብቻውን የሚፈላው በ78 ዲግሪ ነው፤ በትንሽ መጠን ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል ግን ድብልቁ ከንጹሑ ቤንዚን ይልቅ ቶሎ የሚተን ይሆናል። ክረምታቸው በረዶ በሆነባቸው አገሮች ደግሞ ሞተር በብርድ እንዲነሳ ተብሎ ለቅዝቃዜው ወቅት ቶሎ የሚተን ቤንዚን ይዘጋጃል። ያ ቤንዚን ታንክ ውስጥ ቆይቶ ድንገተኛ ሙቀት ላይ ከደረሰ ችግር ያመጣል።

በካርቡሬተሩ ጎድጓዳ፣ ቤንዚን በሚጠራቀምበት ሳህን ውስጥ የተንተከተከው ቤንዚን የት ይሄዳል? ከፊሉ በመተንፈሻው ይወጣል። ከፊሉ ደግሞ በጄቶቹ (ቤንዚን በሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች) በኩል ተገፍቶ ወደ ሞተሩ መምጠጫ ይገባል። ለዚህ ነው ትኩስ ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ የቆመውን ሞተር ስትረግጡት የቤንዚን ሽታ አፍንጫችሁን የሚሞላው። ሞተሩ ቤንዚን አልጎደለውም። ተርፎታል። የጎደለው አየር ነው።

እዚህ ላይ ነው የለመድነው እጅ የሚያሳስተን። አልነሳ ሲል ቾክ መሳብ ደመ ነፍስ ሆኗል። ቾክ ቤንዚን ያበዛል፤ ለቀዘቀዘ ሞተር መድኃኒት ነው። ቤንዚን ላጥለቀለቀው ሞተር ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በዚያ ላይ ሞቃት አየር ራሱ ስስ ነው። 40 ዲግሪ ላይ ያለ አየር 0 ዲግሪ ላይ ካለው በ13 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ጄቶቹ ቀዳዳቸው ስለማይለወጥ ይህን አያውቁም። አየሩ ሲሳሳ ድብልቁ በራሱ ወደ ቤንዚን ያዘነብላል።

ፋብሪካዎችም ይህን አሳምረው ያውቁታል። በ1998 የወጣው ያማሃ ዋይዜድ400ኤፍ፣ ያ የሞቶክሮስ መወዳደሪያ፣ ካርቡሬተሩ ላይ ለትኩስ ሞተር ብቻ የሚያገለግል ማስነሻ ነበረው። ሥራው የቾክ ተቃራኒ ነው፤ ተጨማሪ አየር ያስገባል። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ይህ ዕቃ የለም። አየር የሚከፍትለት የእኛው እጅ ነው።

አደራረጉ ቀላል ነው። ቾኩ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን አረጋግጡ። የነዳጅ መስጫውን እጀታ እስከ መጨረሻው ጠምዝዙና ያዙት። እንደያዛችሁ ረጋ ብላችሁ፣ ግን ከላይ እስከ ታች ሙሉ እርግጫ እርገጡ። የተጠራቀመው ቤንዚን በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ይጠረጋል። አንድ ቦታ ላይ ፍንጭ ይሰጣል፤ ትፍ ትፍ ይላል። ያኔ እጀታውን መልሳችሁ ጥቂት ብቻ ከፍታችሁ እርገጡ። ሰው ሲያጣድፈው እጀታውን ደጋግሞ ይጠመዝዛል፤ ይህን ተዉት። አንዳንድ ካርቡሬተር እጀታው በተጠመዘዘ ቁጥር ቤንዚን የሚረጭ ትንሽ ፓምፕ አለው። በእያንዳንዱ ጥምዘዛ ጎርፉን ትጨምሩበታላችሁ። አንዴ ክፈቱ፣ ያዙት፣ በቃ። አማል የተባለውን የድሮ የእንግሊዝ ካርቡሬተር የያዘ ሰውም በጣት የምትጫነዋን የማጥለቅለቂያ ቁልፍ ለብርድ ማለዳ ይተዋት።

ይህ ሠራ ማለት ግን ሕመሙ ታወቀ ማለት አይደለም። ጤነኛ ካርቡሬተር በጣም ሞቃት ቀን ላይ አልፎ አልፎ እንዲህ ቢያደርግ አይገርመኝም። በየቀኑ የሚያደርግ ከሆነ ግን ሙቀቱ ሌላ ድክመት እያጋለጠ ነው። እዚህ ላይ ከመሣሪያ ይልቅ ሰዓት ይጠቅማል። መቼ እምቢ አለ? መቼ ተመለሰ?

አጥፍታችሁ ወዲያው ስታስነሱት የሚነሳ፣ ከአሥር ወይም ሃያ ደቂቃ በኋላ እምቢ የሚል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ የሚነሳ ከሆነ ነገሩ ካርቡሬተሩ ጋ ነው። ሙቀቱ የወጣበትንና የወረደበትን መንገድ ልክ ተከትሏል። እየሄደ ሳለ ድንገት የሚጠፋ፣ ከዚያም እስኪበርድ ድረስ የማይነሳ ከሆነ ብልጭታውን ጠርጥሩ። ሲረገጥ እምቢ ብሎ ተገፍቶ ሲለቀቅ የሚነሳ ከሆነ ሞተሩ በበቂ ፍጥነት አልዞረም፣ ወይም እመቃው ደክሟል። ሞተሪኖ (በባትሪ የሚሠራ ማስነሻ) ያለው ከሆነ ደግሞ የባትሪውንና የሞተሪኖውን ጉልበት እዩ፤ በሙቀት የሚከብደው አሮጌ ሞተሪኖ ብዙ ነው።

አካሄዱ ፍጹም አይደለም። እየሄደ የሚጠፋ ሁሉ የብልጭታ ችግር አይደለም። የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ከተደፈነ ቤንዚን ሲጎድል አየር አይተካም፤ ቤንዚኑም መውረዱን ያቆማል። ይህን ማወቂያው በጣም ቀላል ነው። ሲጠፋ ወዲያው ክዳኑን ክፈቱ። አየር "ስስስ" ብሎ ከገባና ሞተሩ ጥቂት ቆይቶ ከተነሳ ጉዳዩ አለቀ። በአንዲት የተደፈነች ቀዳዳ ምክንያት ካርቡሬተር መቀየሩ ያሳዝናል።

ካርቡሬተሩ ከተጠረጠረ ከሁሉ በፊት የማየው የጎድጓዳውን የቤንዚን ከፍታ ነው። ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈው ተንሳፋፊ ሲነሳ አንዲት መርፌ ቤንዚኑን ትዘጋለች። የመርፌዋ ጫፍ በዕድሜ ብዛት ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ምልክት ያወጣል። ያኔ ጥብቅ አድርጋ አትዘጋም። አሮጌ የነሐስ ተንሳፋፊ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳ ያበጅና ቤንዚን ይጠጣል፤ ከብዶም ይሰምጣል። ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት፤ ውስጡ ፈሳሽ ካለ ይሰማል። ካርቡሬተሩን ሳትፈቱ ከፍታውን ለማየት ከፈለጋችሁ ጎድጓዳው ሥር ካለው ማፍሰሻ ላይ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ሰክታችሁ ወደ ላይ አቁሙት፤ ማፍሰሻውን ስትከፍቱ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ የጎድጓዳውን ልክ ይዞ ይቆማል። ከፍታው ልክ ካልሆነ በብርድ የማይታወቅ ትርፍ በሙቀት ጎርፍ ይሆናል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው በካርቡሬተሩና በቴስታታው መካከል ያለችው ወፍራም ጥቁር ማገጃ ናት። ሙቀት የማያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ ናት። ሥራዋ ሙቀቱ ወደ ካርቡሬተሩ እንዳይሻገር መከልከል ነው። ሞተር ተፈትቶ ሲገጠም "ትርፍ" ሆና የምትቀር ዕቃ ናት። አንዳንዱ ስትሰነጠቅ በአሉሚኒየም ይተካታል። ሥራው ንጹሕ ይመስላል፤ ግን ለሙቀቱ ድልድይ ተሠራለት ማለት ነው። ሙቀት ላይ አዲስ ችግር የጀመረው ሞተሩ ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ እሷን ፈልጉ።

የቤንዚን ቱቦውንም እዩ። ቴስታታውን ተደግፎ የሚያልፍ ከሆነ አርቁት። ወደ ላይ ጉብ ብሎ የሚወርድ ከሆነ አሳጥሩት፤ ጉብታው ላይ የታሰረ እንፋሎት በስበት ብቻ የሚወርደውን ቤንዚን በቀላሉ ያግደዋል። አንዳንድ ሞተር ሳይክል ደግሞ ሞተሩ ሲመጥ የሚከፈት የቤንዚን መክፈቻ አለው። በውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ ከተቀደደ ቤንዚን በመምጠጫ ቱቦው በኩል በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባል። ቱቦውን ነቅላችሁ እዩት። እዚያ ውስጥ ቤንዚን መኖር የለበትም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ትርፍ ነው። እጥረትም አለ። ካንዴላው (ብልጭታው የሚፈነጠቅበት ዕቃ) እርጥብ ሳይሆን ደረቅ ከሆነ፣ ሽታም ከሌለ፣ ሞተሩ የራበው ነው። የስራ ፈት ዙሩን (ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ በዝግታ የሚዞረውን) የምትመግበው ትንሿ ጄት በዝቃጭ ጠብባ ይሆናል፤ ወይም ካርቡሬተሩን የሚያያይዘው ላስቲክ ተሰንጥቆ ትርፍ አየር ያስገባል። ምልክቱ ሞተሩ ሞቆም ቢሆን ያለ ቾክ አለመነሳቱ ነው። ሥራ ላይ እያለ ላስቲኩ ዙሪያ ውሃ በስሱ እርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው። አንዳንዶች ለዚህ ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫሉ። ትኩስ ማርሚታ አጠገብ ነውና እኔ አልመክርም።

ስለ ካንዴላ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ላስታውስ። ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነ ካንዴላን እንደጋለ በጉልበት አትፍቱ፤ ጥርሱ ይላጣል። ታዲያ ትኩስ እያለ ብልጭታ እንዴት ይፈተሻል? ሁለተኛ ካንዴላ ኪሳችሁ ያዙ። የካንዴላውን ክዳን ነቅላችሁ በእሷ ላይ ሰክታችሁ የካንዴላዋን ብረት ቀለም ያልተቀባ የሞተር አካል ላይ አጥብቃችሁ አስደግፉና እርገጡ። ቤንዚን ከሚሸትበት ቦታ አርቁት። ካንዴላዋ ብረት ሳትነካ ደግሞ አትርገጡ፤ ሲዲአይ፣ ብልጭታውን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክ ሣጥን፣ በዚህ ሊቃጠል ይችላል። ወፍራም ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ ወደ ቤንዚኑ ተመለሱ። ቀጭን ቢጫ ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ ግማሹን መንገድ ጨርሳችኋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጤነኛ ኮይል የሚጣለው። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) በብርድ ሲለካ 8000 ኦም ያሳያል። ትኩስ ሆኖ ሲለካ ከ10000 ያልፋል። "ይኸው ተበላሽቷል" ይባላል። ግን የመዳብ ሽቦ የመቋቋም አቅሙ በእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ20 ወደ 100 ዲግሪ የወጣ ኮይል 8000 የነበረው ወደ 10500 መድረሱ ተፈጥሮው ነው። የሞተ ኮይል ምልክት የቁጥሩ መጨመር አይደለም። በሙቀት ጊዜ መልቲሜትሩ ምንም አለማንበቡ ነው። ውስጡ ያለች የተቆረጠች ሽቦ በብርድ ትነካካለች፣ በሙቀት ትለያያለች። ብልጭታው መቼ እንደሚፈነጠቅ የምትነግረው ትንሿ ኮይልም ያው ጠባይ አላት፤ ከሞተሩ ጋር ተጣብቃ ስለምትኖር እንዲያውም ከትልቁ ቀድማ ልትደክም ትችላለች።

ልኬቱ የማያጠግብ ከሆነ አብርዳችሁ ፈትሹ። እምቢ ባለበት ሰዓት በረዶ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ የተጠረጠረው ዕቃ ላይ ብቻ አድርጉ፤ ኮይሉ ላይ፣ ወይም ሲዲአዩ ላይ። ሌላው ሁሉ እንደጋለ ነው። ያን ጊዜ ብልጭታው ከተመለሰ ወንጀለኛው ተያዘ። በተቃራኒውም ይሆናል፤ የቀዘቀዘውን ዕቃ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና እዩ። እኔ መለዋወጫ ከመግዛቴ በፊት ይህን የማልዘለው፣ አንዱን ዕቃ ከሌላው ለይቶ የሚያሳይ ከዚህ የቀለለ መንገድ ስለማላውቅ ነው።

ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያዝ መገናኛ) ያላቸው የድሮ ሞተሮች ደግሞ ኮንደንሰር አላቸው። የፑንቲናውን እሳት የሚያፍን፣ ግን በሙቀት የሚከዳ ዕቃ ነው። ሲደክም ፑንቲናው ሲከፈትና ሲዘጋ በዓይን የሚታይ ደማቅ እሳት ይተፋል፣ አፉም ቶሎ ይቃጠላል። ፑንቲናውን ደጋግሞ እየሞረዱ ኮንደንሰሩን መርሳት የተለመደ ነው።

የሚቀረው እመቃ ነው። ይህ ዝምተኛው ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ የሚከፍቱና የሚዘጉት ቫልቮች በዕድሜ ወደ መቀመጫቸው እየሰመጡ ይሄዳሉ፤ በተለይ እርሳስ ያለበት ቤንዚን በነበረበት ዘመን የተሠሩ፣ መቀመጫቸው ለስላሳ የሆነ። ሲሰምጡ ከሚገፋቸው ዕቃ ጋር ያላቸው ክፍተት ይጠባል። የማስወጫው ቫልቭ ሲግል ይረዝማል። ክፍተት ካላገኘ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ እመቃውም ያመልጣል። በብርድ ጊዜ ይዘጋል፤ ስለዚህ ጠዋት ይነሳል። እግራችሁ ይህን ያውቃል። ትኩስ ሆኖ ስትረግጡት ከጠዋቱ የለሰለሰ ከመሰላችሁ አትናቁት። ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ከበረደ በኋላ ነው። የሚፈለገው ቁጥር በየሞተሩ ይለያያል። በሆንዳ ሲጂ125 ላይ 0.08 ሚሊሜትር ነው፤ ከአንድ ወረቀት ውፍረት ብዙም አይርቅም። የቫልቭ ድምፅ ስለሰለቸው ብቻ የሚያጠብቅ ሰው አለ። እኔ ጥቂት ቢጮህ እመርጣለሁ። የላላ ቫልቭ ይሰማል፤ የጠበቀው ድምፅ ሳያሰማ ይቃጠላል።

ምንም ብልሽት የሌለበትን ሞተር ሳይክልም በሙቀት ጊዜ መርዳት ይቻላል። ልትደርሱ ስትሉ የመጨረሻውን መንገድ ረጋ ብላችሁ ንዱ። ቆሞ ማሠራት በአየር የሚበርድን ሞተር ያግለዋል እንጂ አያበርደውም። ስታጠፉት የቤንዚን መክፈቻውን ዝጉ። ጥላ ሥር አቁሙት፤ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ፊቱን አዙሩት። ጉዳያችሁ አጭር ከሆነ ቶሎ ተመለሱና ካርቡሬተሩ ሳይግል አስነሱት።

ወደ መካኒክ ስትወስዱትም ጠዋት አትውሰዱት። ቀትር ላይ፣ ነድታችሁት፣ ትኩስ አድርጋችሁ ውሰዱት። ደጃፉ ላይ አጥፍታችሁ እምቢ የሚልበትን ደቂቃ አብራችሁት ጠብቁ። ከዚያ ምን እንደምትነግሩት ታውቃላችሁ። ከጠፋ ስንት ደቂቃ ሆነው፣ ካንዴላው እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ፣ ብልጭታው ምን ዓይነት ነው፣ እርግጫው ከጠዋቱ ለሰለሰ ወይስ ያው ነው። ይህን ይዞ የሚጀምር መካኒክ ኮይል ግዙ ከማለቱ በፊት የሚያየው ብዙ ነገር ይኖረዋል።